ድምፁን ሸጦ ፊቱን መሸሸግ

ስለ ሙዚቃና ስለ ሲኒማ የሚነጋገሩ የተማሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሬስሊ ስም ሲነሣ፣ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ «ድምፅስ ነበረው፤ ነገር ግን ዕድሜውን በማይረቡ ፊልሞች ላይ አባክኖ፣ ራሱን መሣቂያ አድርጎ ያለፈ ሰው ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወዳጅ ነኝ ባይ ነው፤ «ያጌጠ ነጭ ልብሱን ለብሶ በሃዋይ መድረክ የቆመበትን ሥዕል ብቻ እንመልከት፤ የቀረው ይሸፈን» ይላል። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላቸዋል እንጂ፣ በእኛ አስተያየት ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሰውየውን መዝገብ ከፍተው የሚስማማቸውን ገጽ ብቻ አንብበው ይፈርዳሉ። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ገጽ የጎደለበት ፋይል ከጠፋ ፋይል የባሰ ነው፤ የጠፋው ይፈለጋል፣ ገጹ የጎደለው ግን ሙሉ መስሎ ሰውን ያሳስታል።

እንግዲህ ልንከራከርለት የተነሣነው ነገር ይህ ነው፦ ኤልቪስ ፕሬስሊ ከ1956 እስከ 1977 ዓ.ም. በፊልም የታየበት ሁሉ፣ በተዋናይነት የሠራውም በመድረክ የዘፈነውም፣ በሙሉ ይታይ፤ ከሁሉም ይልቅ ባለመብቶቹ እስከ ዛሬ ሸሽገው ያስቀመጡት የመጨረሻው ይውጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

የሌላ አገር ዘፋኝ ጉዳይ ምን አገባን የሚል ቢኖር፣ ፊልሙ ለዚህ ሰው ምን እንደ ነበረ ያስብ። ኤልቪስ በ1935 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ግዛት በቱፔሎ ከተማ ከድኃ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ በ1977 ዓ.ም. በሜምፊስ በ42 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ፣ ከአገሩ ውጭ ለሕዝብ የዘፈነው በ1957 ዓ.ም. በካናዳ በሦስት ከተሞች ብቻ ነው። በጀርመን አገር ወታደር ሆኖ ሳለ እንኳ በሕዝብ መድረክ ላይ አልወጣም። ሥራ አስኪያጁ ኰሎኔል ቶም ፓርከር የሆላንድ ተወላጅ ሆኖ የአሜሪካ ፓስፖርት ያልነበረው በመሆኑ፣ ድንበር መሻገርን ስለሚፈራ ነው ዘፋኙን ያስቀረው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። (ኰሎኔልነቱም ከአንድ ግዛት ገዥ የተሰጠው የክብር ስም እንጂ ጦር የመራበት ማዕረግ አልነበረም።) ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ያለው ዓለም የዚህን ሰው መልክና እንቅስቃሴ ያወቀው በሲኒማ ሸራና በቴሌቪዥን መስኮት ነው። የእኛው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ጠጉሩንና አለባበሱን እንደ እርሱ አድርጎ፣ ዘፈኑንም በእንግሊዝኛ እየዘፈነ ተነሥቶ፣ ኋላ በአማርኛ ዘፍኖ በራሱ የገነነ ጊዜ እንኳ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለው ስም በ2021 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ አልተለየውም። አንድ ሰው በሥጋ ሳይመጣ በሥዕል ብቻ እዚህ ድረስ ከደረሰ፣ ሥዕሉ በማን እጅ እንዳለና ምን እንደ ተደረገ መጠየቅ የእኛም መብት ይመስለናል።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንምጣ። በ1956 ዓ.ም. ሃል ዋሊስ የሚባለው የሆሊውድ ሰው በተዋናይነት ፈትኖ ውል አስፈረመው። የመጀመሪያው ፊልሙ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ የሆነ ታሪክ ሲሆን፣ ሲጀመር ስሙ «የሬኖ ወንድማማቾች» ነበረ። ነገር ግን በውስጡ ያለው ዘፈን ገና ሸክላው ሳይወጣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስለ ታዘዘ፣ የፊልሙ ስም ተሠርዞ በዘፈኑ ስም «ላቭ ሚ ቴንደር» ተባለ። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን፤ የታሪኩ ስም በሸቀጡ ስም የተለወጠው ገና በመጀመሪያው ፊልም ነው።

የሆነ ሆኖ ወጣቱ መማር ጀምሮ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ኪንግ ክሪዮል» ያዘጋጀው፣ «ካዛብላንካ»ን የሠራው ማይክል ከርቲዝ ነው። ኤልቪስ ለውትድርና ተጠርቶ ሳለ ይህን ፊልም እስኪጨርስ ድረስ ቀን ተራዝሞለታል። በኒው ኦርሊያንስ በሌሊት መጠጥ ቤቶች እየዘፈነ፣ በአንድ ወገን አባቱ በሌላ ወገን ወንበዴዎች የሚጎትቱት ልጅ ሆኖ ሲሠራ፣ ቍጣውን አፍኖ በዐይኑ ብቻ ሲናገር ያየ ሰው፣ «ተዋናይ አልነበረም» የሚለውን ፍርዱን እንደ ገና ይመርምር ዘንድ እንለምነዋለን። እኛ ይህን ፊልም ደጋግመን አይተነዋል፤ ተዋናይ ለመሆን የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ነበረ፤ ያልነበረው ጊዜና ጠባቂ ነው።

ከጦር ሠራዊት በ1960 ዓ.ም. ሲመለስ ሁለት መንገድ ፊቱ ተከፈተ። አንደኛው መንገድ በዚያው ዓመት ዶን ሲገል ያዘጋጀው «ፍሌሚንግ ስታር» ነው፤ እናቱ ከአሜሪካ ነባር ሕዝብ አባቱ ነጭ የሆነ፣ በሁለቱም ዘንድ ባዕድ የሚሆን ወጣት ሆኖ ይሠራል፤ ዘፈን በውስጡ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ በ1961 ዓ.ም. የወጣው «ብሉ ሃዋይ» ነው፤ ባሕር፣ ዘንባባ፣ ቆነጃጅትና ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ከተጠበቀው ያነሰ ገቢ አስገኘ። የሁለተኛው የዘፈን አልበም በአሜሪካ ገበያ 20 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ነጋዴዎቹም ሒሳቡን አስልተው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ የመኪና እሽቅድምድም ነጂ ሆነ፣ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ፣ የጀልባ ሰው ሆነ፣ ከገደል ላይ ወደ ባሕር የሚወረወር ዋናተኛ ሆነ፤ ሥራው ተለዋወጠ እንጂ ሰውየው አንድ ነበረ፤ ይደባደባል፣ ይዘፍናል፣ ያገባል። ከ1960 እስከ 1969 ዓ.ም. ብቻ 27 ፊልሞች ሠራ፤ ከቀድሞዎቹ አራት ጋር 31 መሆኑ ነው።

ዘፈኖቹንማ ምን ብለን እንናገር! ዜማ የሚመረጥለት በጥራቱ ሳይሆን ደራሲው ከመብቱ ገንዘብ ከፍሎ ለመስጠት በመስማማቱ ሆነ፤ ያልተስማማ ደራሲ ዜማው ከደጅ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና ከቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ጡት ጠብቶ ያደገው ድምፅ፣ በ1962 ዓ.ም. ስለ ባሕር ሽሪምፕ ዘፈነ፤ በ1963 ዓ.ም. በጠባብ መኪና ውስጥ ሩምባ መደነስ አይቻልም ብሎ ዘፈነ፤ በ1967 ዓ.ም. ሕፃናት የሚዘፍኑትን የአዛውንቱን ገበሬ የማክዶናልድን ዘፈን ከነከብቶቹ ጩኸት ዘፈነ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በ1964 ዓ.ም. የወጣው «ኪሲን ከዝንስ» የተባለው ፊልም ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ተቀርጾ ያለቀ ነው፤ በእርሱም ኤልቪስ የሁለት ዘመዳሞችን ቦታ ይዞ፣ አንዱን በራሱ ጠጉር ሌላውን በብጫ አርቴፊሻል ጠጉር ሆኖ ይሠራል። በአንድ ደመወዝ ሁለት ሰው ማሠራትን የፈለሰፈ መሥሪያ ቤት ቢኖር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ፣ «ማን አስገደደው? ራሱ ፈርሞ የለምን?» ይለናል። እውነት ነው፤ ፈርሟል። የመንግሥት ሠራተኞች ነንና ፊርማ ምን ማለት እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ እናውቃለን። ገንዘቡን ይወድድ ነበር፤ መኪና ይገዛ ነበር፤ ለወዳጆቹም ይሰጥ ነበር፤ «አልሠራም» ብሎ ወረቀቱን ወርውሮ ለመውጣት የሚያበቃ ድፍረት ግን አልነበረውም። ይህን ጥፋቱን አናስተባብልም። ነገር ግን ዕዳው ለሁለት ይከፈል እንላለን። ፓርከር በመጀመሪያ ከገቢው ሩቡን ይወስድ የነበረ ሲሆን፣ በ1967 ዓ.ም. በተደረገ አዲስ ስምምነት ከአንዳንዱ ትርፍ እኩሌታውን መውሰድ ጀምሯል። እኩል የሚካፈል ሰው እኩል ይወቀሳል። ደግሞም የፊልሞቹ ትልቁ ጉዳት የዘፈኖቹ መናቅ አይደለም። በማርች 1961 ዓ.ም. በሃዋይ፣ በፐርል ሃርበር ለሰመጠው የጦር መርከብ መታሰቢያ የሚሆን ከ50,000 ዶላር በላይ የተገኘበትን ትርኢት ካሳየ ወዲህ፣ እስከ ጁላይ 1969 ዓ.ም. ድረስ ከመደበኛው መድረክ ርቆ መቆየቱ ነው። ስምንት ዓመት! ከ26 ዓመት ዕድሜው እስከ 34 ድረስ፣ ድምፁ በበሰለበት ጊዜ፣ ከሕዝብ ፊት ተወስዶ በስቱዲዮ ውስጥ ከወረቀት ዘንባባ ሥር ቆመ።

በዚህ መካከል አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። በ1968 ዓ.ም. የኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን ድርጅት አንድ ልዩ ዝግጅት እንዲሠራለት ጠየቀ፤ ወጪውን የሚችለው የስንጀር ኩባንያ ነበረ፤ ያውም እናቶቻችን በእግራቸው እየረገጡ ልብስ የሚሰፉበት ያ ስንጀር ነው። ፓርከር የፈለገው ኤልቪስ የገና መዝሙር ዘምሮ «መልካም በዓል» ብሎ እንዲወርድ ነበረ። ወጣቱ አዘጋጅ ስቲቭ ባይንደር ግን እንቢ አለ፤ ዘፋኙም በሕይወቱ ከስንት አንዴ ከአዘጋጁ ጋር ቆመ። ከጥንት ባልንጀሮቹ ከጊታር መቺው ከስኮቲ ሙርና ከከበሮ መቺው ከዲ. ጄ. ፎንታና ጋር በአንዲት ጠባብ አራት ማዕዘን መድረክ ላይ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ጥቁር የቆዳ ልብስ ለብሶ ተቀመጠ። ከበሮ በዚያ የለም፤ ፎንታና የሚመታው የጊታር ማኅደር ነው። ኤልቪስ ላቡ በፊቱ ላይ እየወረደ፣ እየሣቀ፣ ቃል እየረሳ፣ እንደ ገና እየያዘ፣ ከወንበሩ ሊነሣ እየቃጣው ሲዘፍን፣ ካሜራው እንደ ጎረቤት ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ የዘፈነው ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉበት በዚያ ዓመት ስለ ወንድማማችነት የተጻፈ ዘፈን ነው። ዲሴምበር 3 ቀን ይህ ሲተላለፍ፣ 27ቱ ፊልሞች ሊያሳዩን ያልቻሉትን ሰው በአንድ ሰዓት አየነው። «ፊልም አበላሸው» የሚሉት እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ ያበላሸው ካሜራ ቢሆን ኖሮ ያዳነውም ካሜራ ባልሆነ ነበርና።

ከዚህ ቀጥሎ የመጡት ሁለቱ የመድረክ ፊልሞች ደግሞ በእኛ ሚዛን ከተዋናይነቱ ሥራዎች ሁሉ ይበልጣሉ። አንደኛው በ1970 ዓ.ም. ዴኒስ ሳንደርስ ያዘጋጀው «ዛትስ ዘ ዌይ ኢት ኢዝ» ነው። የላስ ቬጋሱን መድረክ ከማየታችን በፊት ልምምዱን እናያለን፤ ይህም የፊልሙ ዋና ሀብት ነው። ዘፋኙ ዘፈኑን ያቋርጣል፣ ይቀልዳል፣ ስዊት ኢንስፓይሬሽንስ የተባሉትን ጥቁር ሴት ዘማሪዎች ድምፅ ያዳምጣል፣ በትከሻው ንቅናቄ ብቻ ከበሮ መቺውን ሮኒ ተትን ይመራል። ሰነፍ ነው ሲባል የኖረ ሰው የሙያውን ነገር በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚይዝ የምናየው በዚህ ነው። ይህ ፊልም በ2001 ዓ.ም. አካባቢ እንደ ገና ተቈርጦ ሲወጣ፣ የአድናቂዎቹና የሆቴሉ ሰዎች ንግግር ተቀንሶ ዘፈኑ በዛ። ጆሯችን አዲሱን ይመርጣል፤ ኅሊናችን ግን የቀድሞውም እንዳይጠፋ ይሻል። ሁለተኛው በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ኤልቪስ ኦን ቱር» ሲሆን፣ በኋላ ስሙ የገነነው ማርቲን ስኮርሴሲ ሥዕሎቹን በማቀነባበር ሠርቶበታል፤ በጥናታዊ ፊልም ክፍልም የጎልደን ግሎብን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተካፍሏል። በመኪና ውስጥ ዝም ብሎ ወደ ውጭ ሲመለከት፣ ከዘማሪዎቹ ጋር በፒያኖ አጠገብ መዝሙር ሲዘምር የሚታይበት ክፍል ከመድረኩ ጩኸት ይልቅ በልባችን ቀርቷል።

የእነዚህ ሁለት ፊልሞች ትርፍ ቅጂ በካንሳስ ግዛት በጨው ማዕድን ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ አውስትራሊያዊው ባዝ ለርማን አውጥቶት በ2025 ዓ.ም. በቶሮንቶ አዲስ ፊልም አድርጎ አሳይቶታል። ጨው ሥጋን ብቻ ሳይሆን ሥዕልንም ከመበስበስ ማዳኑን አሞሌ የምናውቅ እኛ ልንገረምበት አይገባም። የሚያስገርመው ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ማንም «ምን አለ በዚያ?» ብሎ በሚገባ አለመጠየቁ ነው።

ስለ ሃዋዩ ትርኢት ብዙ አንልም። ጃንዋሪ 14 ቀን 1973 ዓ.ም. ከሆኖሉሉ በሳተላይት ወደ እስያና ወደ ፓስፊክ አገሮች የተላለፈ ሲሆን፣ ለካንሰር መርጃ 75,000 ዶላር ተገኝቶበታል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። አንድ ቢሊዮን ሕዝብ አየው የሚለው ቍጥር ግን ከማስታወቂያ ሠሪ አፍ የወጣ እንጂ የተቈጠረ አይደለም። ዘፈኑ ያማረ፣ ልብሱ ያማረ፣ ሰውየው ግን ከሩቅ ያለ ሐውልት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ባርብራ ስትራይሳንድ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» በሚለው ፊልም አብሯት እንዲሠራ ጠይቃው፣ በገንዘብና በስም ቅደም ተከተል ክርክር ቀርቷል። እየወደቀ ያለ ዘፋኝ ሆኖ የሚሠራበት ቦታ ነበረ። ይህን ስናስብ እጅግ እናዝናለን።

አሁን ወደ ተሸሸገው ገጽ ደረስን። በጁን 1977 ዓ.ም. የሲ ቢ ኤስ ቴሌቪዥን ካሜራዎች በ19ኛው ቀን በኦማሃ፣ በ21ኛው ቀን በራፒድ ሲቲ የኤልቪስን ትርኢት ቀረጹ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እንኳ አልኖረም። ዝግጅቱ ከሞቱ በኋላ ኦክቶበር 3 ቀን ተላለፈ። ሰውየው አብጧል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በአንድ ዘፈን መካከል በንግግር የሚባለውን ቃል ዘንግቶ በሣቅ ይሸፍነዋል። ባለመብቶቹ ይህን ዝግጅት እስከ ዛሬ ድረስ በሙሉው በቪዲዮ ለሕዝብ አላወጡትም፤ ምክንያቱ ክብሩን ለመጠበቅ ነው ይባላል። ነገር ግን የዚሁ ትርኢት ድምፅ በዚያው በ1977 ዓ.ም. በሁለት ሸክላ ታትሞ ወጥቷል፤ ተሽጧልም። እንግዲህ ይህ ምን ዓይነት ክብር ነው? የታመመው ሰው ድምፅ ለገበያ ሲቀርብ ነውር ያልሆነ፣ የታመመው ሰው ፊት ሲታይ እንዴት ነውር ይሆናል?

«ሙት ወቃሽ አያድርገን» የሚለውን የአገራችንን ቃል አንስቶ የሚከራከረን ሰው ይኖራል፤ ክርክሩንም በአክብሮት እንቀበላለን። የሞተን ሰው ነውር መግለጥ በእኛ ዘንድ የተጠላ ነው። ነገር ግን በዚያ ፊልም የሚታየው ነውር የማን ነው? የታመመ ሰው መታመሙ ነውር አይደለም። ነውሩ በዚያ ሁኔታ ሳለ ቀን ቆርጠው፣ ትኬት ሸጠው፣ ካሜራ ደቅነው ወደ መድረክ ያወጡት ሰዎች ነው። መጋረጃው የተጋረደው በእርሱ ላይ መስሎ እነርሱን ነው የሚሰውራቸው። ደግሞም መሸሸጉ አላዋጣም፤ የደበዘዘ፣ የተሰረቀ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል፤ ዘባቾቹም የሚዘብቱት ይህን እያሳዩ ነው። በ1981 ዓ.ም. ስለ ሕይወቱ የወጣው ፊልም ቃል የረሳበትን ክፍል ቈርጦ አሳየ፤ በ2022 ዓ.ም. ባዝ ለርማን የሠራው ፊልም ደግሞ በመጨረሻው ላይ መልካሙን ክፍል ቈርጦ አሳየ። አንዱ ለኀዘን፣ ሌላው ለእንባ፣ ሁሉም የሚፈልጋትን ቅጠል ይቀነጥባል፤ ሙሉውን ያየ ተማሪ ግን የለም። ስለ እነዚያ ሁለት ምሽቶች የሚጽፍ መምህር ምን ይዞ ያስተምር?

መልካም ያልነው ክፍል የራፒድ ሲቲው ነው። ኤልቪስ ከፒያኖው አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ባልንጀራው ጎንበስ ብሎ ማይክሮፎኑን ይይዝለታል። የሚዘፍነው «አንቼይንድ ሜሎዲ» የተባለውን የናፍቆት ዘፈን ነው። ጣቶቹ ወፍረዋል፤ ፊቱ ከወርድ ብዛት የተነሣ ዐይኑ ጠብቧል፤ ድምፁ ግን ወደ ላይኛው ቃና ሲወጣ አይለምንም፣ አይሰበርም፤ በ1958 ዓ.ም. በኒው ኦርሊያንሱ ፊልም ያየነው ያ ቍጡ ልጅ ከዚያ ገላ ውስጥ ተነሥቶ ይዘፍናል። ሲጨርስ ወደ ጎን ዘወር ብሎ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፈገግ ይላል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው በባለመብቶቹ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም ይከፈት።